ማማ ያዘለ ጀርባ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር አንባቢ ነገሩን ሳያየው አልቀረም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ በየነዳጅ ማደያው ቡና የሚቀዱ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ይበዛሉ። ከፒክአፕ መኪናቸው ኋላ የታጠፈ የብረት ወንበር የሚመስል ነገር ተጭኗል። ይህ የዛፍ ማማ ነው። እኛ አገር ገበሬው ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት ማማ ዘመድ ነው ቢባል አያሳፍርም። ልዩነቱ፣ የአሜሪካው አዳኝ ማማውን በጀርባው አዝሎ ጫካ ይገባል፣ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፣ ሲመሽ ደግሞ ነቅሎ ተሸክሞት ይመለሳል።

ለምን እዚያው አይተወውም? የሚታደነው በአብዛኛው ነጭ ጭራ የሚባለው አጋዘን ነው፤ በአሜሪካ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በቀስት የሚያድን ሰው እንስሳው እስከ 20 ወይም 30 ሜትር ድረስ እስኪቀርበው መጠበቅ ይኖርበታል። በዚህ ርቀት መሬት ላይ ያለን ሰው አጋዘን በዓይኑ ባይለየው በአፍንጫው ይለየዋል። 5 ወይም 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ከእይታው መስመር ይወጣል፤ ነፋሱም ከረዳው ጠረኑ ከእንስሳው አናት በላይ ያልፋል። የግል መሬት ያለው ማማውን ሰቅሎ ወሩን ሙሉ ሊተወው ይችላል። በብዙ የሕዝብ መሬቶች ላይ ግን ማማ አሳድሮ መሄድም ሆነ ዛፍ ላይ ሚስማርና ብሎን መምታት ክልክል ነው። አጋዘኑም ሞኝ አይደለም፤ አንድ ዛፍ ሥር ሰው መመላለስ ካበዛ መንገዱን ይቀይራል። እንግዲህ ተንቀሳቅሶ ማደን የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ መሸከም ነው። ለዚህ ሸክም የተሠሩ ቦርሳዎችም ከመቶ ዶላር በታች ጀምሮ ብዙ መቶ ዶላር ድረስ ይሸጣሉ። በሱቅ የሚነገረው ስለ ሊትራቸውና ስለ ኪሳቸው ብዛት ነው። ጀርባ የሚያውቀው ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሸክሙን ሚዛን ላይ እናውጣው። ክላይምበር የሚባለው የማማ ዓይነት ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም ግንዱን ያቅፋሉ። አዳኙ የላይኛውን በእጁ፣ የታችኛውን በእግሩ እያፈራረቀ እያነሳ ከማማው ጋር አብሮ ይወጣል። ምቹ ነው፤ ነገር ግን 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቀጥ ያለና ታች ቅርንጫፍ የሌለው ግንድም ይፈልጋል። ሀንግ ኦን የሚባለው ደግሞ አንድ መቆሚያና አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው፣ በጠፍር ከግንድ ጋር የሚታሰር ነው። ቀለል ያለው የአሉሚኒየም ሥራ 5 ኪሎ ያህል ነው። ብቻውን ግን የትም አያደርስም፤ ሦስት አራት የመወጣጫ ዘንግ ያስፈልገዋል፣ እያንዳንዱ ዘንግም ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱም መንገዶች መጨረሻቸው ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ነው። በዚህ ላይ የደህንነት መታጠቂያው፣ ገመዱ፣ ቀስቱ ከነፍላጻው፣ ውኃው፣ ምግቡ፣ ወፍራሙ ጃኬት ይጨመራል። በቀላሉ 15 ኪሎ ይሞላል፤ ብርዱ ሲጠና 20 ይደርሳል።

15 ኪሎ ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ የሚያስፈራ አይደለም። በኔፓል ተሸካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ወንዶቹ በአማካይ የራሳቸውን ክብደት 93 በመቶ፣ ሴቶቹ 66 በመቶ የሚያህል ጭነት ተሸክመው በተራራ መንገድ ለቀናት እንደሚጓዙ መዝግቧል። ስለዚህ የማማው ጣጣ ከክብደቱ ይልቅ ከቅርጹ የሚመጣ ነው። ማማ ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ የሚወጣና የሚገባ ማዕዘን ሞልቶበታል። ከጀርባ ጋር ለመስማማት እምቢ የሚል ሸክም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የታችኛውን አከርካሪ ሚዛን የሚጠብቁት ጡንቻዎች ከአከርካሪው መዞሪያ ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው ይጎትታሉ እንበል። ማለትም የሚጎትቱበት ክንድ በጣም አጭር ነው። 10 ኪሎው ማማ ከጀርባ በ15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ ይህ ተጨማሪ ርቀት የጡንቻውን ክንድ 3 እጥፍ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ለመጠበቅ በሆድና በዳሌ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ተጨማሪ 30 ኪሎ የሚያህል መጎተት ይጠበቅባቸዋል፤ ያ ጉተታም ተመልሶ ዲስኮቹን ይጫናል። ማማው አንድ ግራም አልጨመረም። የራቀው አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው።

እርግጥ ሰው ሐውልት ሆኖ አይቆምም። ሸክሙ ወደ ኋላ ሲጎትተው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የራሱና የሸክሙ ጥምር የክብደት ማዕከል ከእግሩ በላይ እንዲመጣ። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገባቸውን እጥፍ አድርገው የሚሄዱት በዚሁ ሕግ ነው። እስሩ በጣም ሰፊ፣ ማሰሪያው አንድ ገመድ፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው አካላቸው ብቻ ነው። አዳኙም ማማውን በዘፈቀደ ካሰረው እንደዚያው ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ደግሞ የሚያየው የጫማውን ጫፍ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ከፊት ያለውን ለማየት ሲሞክር የአንገቱ ጡንቻ ይቃጠላል። አደን የሄደ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ከተራመደ፣ የቆመው አጋዘን ቀድሞ ያየዋል።

ይህን ከተረዳን ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ግልጽ ይሆናል። ያለውን ቦርሳ በጃኬትና በምግብ ይሞላና፣ ማማውን ከቦርሳው ውጭ በላስቲክ ገመድ ያስረዋል። ከሁሉ የከበደው ዕቃ ከሁሉ የራቀው ቦታ ላይ ሄደ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ብረቱ ከጀርባ ጋር፣ ለስላሳውና ቀላሉ ከውጭ። ጥሩ የሚባሉት ቦርሳዎች ጥሩነታቸው ይህንን ግልበጣ ማስቻላቸው ነው። ሌላው ኪስና ዚፕ ጌጥ ነው።

የጀርባ ቦርሳ ፍሬም እንዲህ የተራቀቀው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሎይድ ኔልሰን የተባለ የዋሽንግተን ግዛት ሰው የእንጨት ፍሬምና የሸራ ጀርባ ያለው መሸከሚያ አስመዝግቦ መሸጥ ጀመረ፤ ትራፐር ኔልሰን እየተባለ ለአሠርት ዓመታት የአዳኙና የደን ጠባቂው ጓደኛ ሆኖ ቆየ። ክብደቱ ሁሉ ግን ትከሻ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1952 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲክ ኬልቲ ከባለቤቱ ከኔና ጋር የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው ቦርሳ ቤታቸው ውስጥ እየሠሩ መሸጥ ያዙ። እሱ ፍሬሙን ያጥፋል፣ እሷ ጨርቁን ትሰፋለች። ስለ ወገብ ቀበቶው አጀማመር የሚነገረው ታሪክ ደስ ይላል፤ ዲክና ጓደኛው ተራራ ላይ ሲጓዙ የፍሬሙን ሁለት የታች ጫፎች የሱሪ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሰኩ ትከሻቸው ድንገት ቀለለ። ሸክሙ ከትከሻ ወደ ዳሌ አጥንት መውረዱን ያዩት ያኔ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1973 የተቀበለው አሊስ የተባለው የቦርሳ ሥርዓትም የአሉሚኒየም ፍሬም ነበረው። ዛሬም የጦር ትርፍ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ያንን ፍሬም በርካሽ ገዝቶ ማማ የሚያስርበት አዳኝ ብዙ ነው።

ሻጮች ስለ ዳሌ ቀበቶ ሲያወሩ ግን ትንሽ ያጋንናሉ። «ክብደቱ በሙሉ ዳሌ ላይ ያርፋል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ጥናት ፍሬምና ቀበቶ ባለው ቦርሳ ላይ የኃይል መለኪያ አስገብቶ ሲለካ፣ ወደ ታችኛው ጀርባና ዳሌ የሚተላለፈው ቁልቁል ኃይል 30 በመቶ ገደማ ነበር። ቀሪው 70 በመቶ ትከሻና የላይኛው ጀርባ ላይ ይቀራል። ሸክሙ ሲጨምርም ድርሻው ብዙ አልተለወጠም። 30 በመቶም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ከአንገት ተነስቶ በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ጉንጉን በማንገቻ ሲጨመቅ ክንድ ይደነዝዛል፣ አልፎ አልፎም ለሳምንታት ይዝላል። ሐኪሞች በወታደሮች ላይ በደንብ ያውቁታል፤ ፍሬምና የዳሌ ቀበቶ ሲኖር በብዙ እጥፍ እንደሚቀንስም ተመዝግቧል። ጣቱ የደነዘዘ ቀስተኛ ዛፍ ላይ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። በየአምራቹ ስም ብንዘረዝር አያልቅም፤ ግን አሠራራቸው ከአራት አይበልጥም።

በጣም ርካሹ ቦርሳ አልባው ነው። ብዙ ማማ ሲገዛ ከራሱ ጋር ሁለት ቀጫጭን ማንገቻ ይመጣለታል፤ ማማው ላይ ይታሰርና ራሱ ማማው እንደ ፍሬም ይታዘላል። በሐሳብ ደረጃ ይህ ትክክል ነው፤ ብረቱ ለጀርባ በጣም ቅርብ ነው፣ ተጨማሪ ክብደትም የለም። በተግባር ማንገቻው ቀጭን ነው፣ ዳሌ ላይ ቀበቶ የለም፣ የማማው ቧንቧ በየእርምጃው ትከሻ አጥንት ላይ ይነርታል። መኪናው ከዛፉ 300 ሜትር ላይ ለሚቆምለት ሰው ግን ከዚህ በላይ ማውጣት ብክነት ነው። ከፈለገ ወፈር ያለ ማንገቻና ስፖንጅ ያለው ቀበቶ ለብቻ ገዝቶ ይቀይርለታል፤ ለገንዘቡ ከዚህ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥ ማሻሻያ አላውቅም።

ሁለተኛው በውጭ የሚታይ የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው ነው። ታች ላይ ተዘርግቶ የሚወጣ መደርደሪያ አለው፤ ቦርሳው ተነቅሎ ፍሬሙ ብቻ ይቀራል። አልፕስ አውትዶርስ የሚሠራው ኮማንደር የተባለው በዚህ ወገን በሰፊው የታወቀ ነው፤ ቦርሳው ሲገጠምለት ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማማው መደርደሪያው ላይ ያርፋል፣ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ጃኬቱ ከላይ ይደረብበታል። ክላይምበር ለሚሸከም ሰው ይህ ዓይነት ይመቻል፤ ምክንያቱም ክላይምበር ከማንኛውም ከረጢት ቅርጽ ጋር አይስማማም፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል። መጥፎ ጎኑ አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ መጮሁ ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ። ፍሬሙ ከራስ በላይ ከወጣ ደግሞ በጨለማ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጋር ይጣላል።

ሦስተኛው ውድ ወገን ነው። ሚስትሪ ራንች፣ ኪፋሩ፣ ስቶን ግላሲየር የመሳሰሉት በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች የታደነ እንስሳ ሥጋ ለማውጣት የተሠሩ ናቸው። ቦርሳው ከፍሬሙ ተላቅቆ ወደ ኋላ ይከፈታል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ቦታ ላይ ከባዱ ነገር ይገባል፤ ከዚያ ቦርሳው ተመልሶ ይጠበቅበታል። ቅድም ያልነው ግልበጣ በትክክል ተሠራ ማለት ነው። ሀንግ ኦንና ዘንጎች እዚህ ቦታ ሲገቡ ከአከርካሪው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማሉ። የክላይምበር ስፋት ግን ለብዙዎቹ ከልክ በላይ ነው። ዋጋቸውም ኪስ ያራቁታል፤ ሜዳማ ጫካ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ተራራ መውጫ መግዛት ነው።

አራተኛው መንገድ ሸክሙን መቀነስ ነው፤ እኔ የማደላውም ለዚህ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሳድል የሚባለው አደን በጣም ተስፋፍቷል። አዳኙ ማማ ላይ አይቀመጥም፤ ዳሌውን በሚያቅፍ ጠንካራ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ በገመድ ከግንዱ ጋር ይታሰራል፣ እግሩን በትንሽ መቆሚያ ላይ ያሳርፋል። ከባዱ መቀመጫ ስለቀረ ሁለት ሦስት ኪሎ ይቀልላል፤ የቀረው መቆሚያና ዘንግ ደግሞ ጠፍጣፋና ትንሽ ስለሆነ መካከለኛ ቦርሳ ጎንና ጀርባ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል። አንድ የማይነገር ችግር ግን አለ። ሳድሉን መሬት ላይ ለብሶ መሄድ ለሚወድ ሰው፣ ሳድሉም የቦርሳው ቀበቶም አንድ ዳሌ ላይ ይሻሙበታል። ዘለበት በዘለበት ላይ ይመጣና ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ቆዳውን ይልጠዋል። ሳድሉን ቦርሳ ውስጥ አድርጎ ዛፉ ሥር መልበስ ይሻላል። የሙሉ አካል መታጠቂያ የሚለብስ ሰውም ይኸው ጣጣ ይገጥመዋል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ከሸክሙ ቅርጽ ቀጥሎ ሁለተኛው ጠላት ላብ ነው። አዳኝ ሸክሙን ተሸክሞ ሲሄድ ይሞቀዋል፤ ዛፉ ላይ ወጥቶ ግን አራት አምስት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ አብልጦ ያስተላልፋል፤ በላብ የራሰ ሸሚዝ ከቆዳ ጋር ከተጣበቀ ከላይ የተደረበው ጃኬት ብዙ አያድንም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ቀስት አይይዝም። ላቡ የሚያወጣው ጠረን ደግሞ ለአጋዘን አፍንጫ ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚህ ላይ የሳይንሱ ምላሽ ቦርሳ ከመግዛት የረከሰ ነው። የአሜሪካ ጦር የአካባቢ ሕክምና ምርምር ተቋም ሰው የሆነው ኬንት ፓንዶልፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ሸክም ያለበት እግረኛ ስንት ዋት ኃይል እንደሚያወጣ የሚገምት ቀመር አሳትመዋል። የሰውነት ክብደት፣ ሸክም፣ ፍጥነት፣ ዳገትና የመሬቱ ዓይነት ይገባበታል። አስፋልት 1 ከተባለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ 1.5 ነው፣ ረግረግ 1.8፣ ልቅ አሸዋ 2.1። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ተሸክሞ በሰዓት 4.3 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ሲሄድ 314 ዋት ገደማ ያወጣል፤ ያለ ሸክም ቢሆን 275 ነበር። ማለትም ሸክሙ ራሱ 40 ዋት አካባቢ ብቻ ነው የጨመረው። በዚያው ፍጥነት ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ግን 411 ይደርሳል። ጫካው ከሸክሙ የበለጠ አስከፈለው።

አሁን ይኸው ሰው በዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 2.9 ኪሎ ሜትር ዝቅ ያድርገው። ቀመሩ የሚሰጠው 249 ዋት ነው፤ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ ከ14 ደቂቃ ወደ 21 ያድጋል። በአጠቃላይ የሚያወጣው ጉልበት ብዙ አይለይም፤ ሙቀቱ የሚመጣበት ፍጥነት ግን ይቀንሳል፣ ሰውነቱም ብዙ ሳያልበው ማስወገድ ይችላል። በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ቀድሞ ከቤት መውጣት በመቶዎች ዶላር የሚሸጥ ቦርሳ የማያደርገውን ያደርጋል። እዚሁ ላይ ስለ ጫማ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዚያው ጦር ተመራማሪዎች እግር ላይ ያለ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ ካለ 5 ኪሎ ጋር ሊቀራረብ የሚችል ድካም እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ስለ ቦርሳው ግራም የሚጨነቅ ሰው ጎማ ቡትሱንም ይመዝን።

ታዲያ ቦርሳው ለላብ ምንም አያደርግም? ያደርጋል፤ በአንድ ነገር። ወፍራሙን ጃኬት የሚያስገባ ወይም ውጭ የሚያስር ቦታ ካለው፣ አዳኙ ስስ ልብስ ለብሶ ይሄድና ዛፉ ሥር ደርሶ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይደርባል። ጃኬት ቀላል ሆኖ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ሊትር የሚያስፈልገው ለእሱ እንጂ ለብረቱ አይደለም። ጀርባን ለማናፈስ ተብሎ መረብ የተወጠረበት ቦርሳ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። መረቡ አየር የሚያስገባው ሸክሙን ከጀርባ 5 ሳንቲ ሜትር ገፍቶ ነው፤ በቅድሙ ስሌት 10 ኪሎ ማማ ለሆድና ለዳሌ ጡንቻ ሌላ 10 ኪሎ ይጨምራል። ለውኃና ለዳቦ የተሠራ ቦርሳ ላይ ጥሩ ነው፤ ለማማ ግን አልመክረውም።

ወደ ጩኸቱ እንመለስ። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ ነጭ ጭራ አጋዘን ከ0.25 እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ድረስ እንደሚሰማ፣ ከሁሉ የሚስለው ጆሮው ደግሞ በ4 እና በ8 ኪሎ ኸርዝ መካከል እንደሆነ ለክቷል። የሰው ጆሮ ጣሪያ 20 ነው፣ ያም በወጣትነት። የጫካ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ አጋዘን ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ ራሱም ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ቀጭን ጥርት ያለ ድምፅ ግን በትክክል ጆሮው በሚስልበት ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ በጫካ ውስጥ ደግሞ አምሳያ የለውም። ስለዚህ ዘንግ ከዘንግ፣ ሰንሰለት ከቧንቧ የሚነካካበት ቦታ ሁሉ በጨርቅ ቴፕ ይጠቀለላል፤ የሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸው ላይ የሚጠቀልሉት ቴፕ ለዚህ የታወቀ ነው። ቬልክሮ የሚባለው መዝጊያ ሲነቀል ዛፍ ላይ የሚሰማው ልብስ ሲቀደድ የሚወጣውን ድምፅ ይመስላል፤ እሱ ያለበትን ቦርሳ መተው ነው።

ጨርቁም ይናገራል። ጠንካራ ናይለን እሾህ ሲነካው ይፏጫል፣ ብርድ ሲመታው ደግሞ ይደርቃል። ፀጉራማው ፍሊስ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፣ ጭጎጎት ሁሉ ይሰበስባል። ሁለቱን አጣምሮ፣ ታቹን ናይለን ውጩን ለስላሳ ያደረገ ይሻላል። ስለ ቀለሙ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አጋዘን ቀይና ብርቱካናማን እንደ ሰው አይለይም፤ ሰማያዊና ከዚያ በታች ያለውን ብርሃን ነው አጥርቶ የሚያየው። ብርቱካናማው ሰደርያ ሌላ አዳኝ እንዳይተኩስ ለሰው ዓይን የተደረገ ነው፣ በብዙ ግዛቶችም በጠመንጃ ወቅት ሕግ ነው። ከእሱ ይልቅ ልብስ የሚያነጣ ንጥረ ነገር ባለው ሳሙና የታጠበ ልብስና ቦርሳ የበለጠ ያሳብቃል።

ከዛፉ ሥር ተደርሷል እንበል። ጨለማ ነው፣ አዳኙ ደክሟል፣ ቦርሳውን አዝሎ በዘንጎቹ ቢወጣ አንድ ሥራ ይቀንስለታል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ነው። 75 ኪሎ ሰው ላይ ከአካሉ ማዕከል 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የራቀ 15 ኪሎ ሲታሰር፣ ጥምር የክብደት ማዕከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግንዱ ይርቃል። መሬት ላይ በማዘንበል የሚካካስ ነው፤ ግንድ ላይ ተጣብቆ ወደ ፊት ማዘንበል ግን አይቻልም፣ ግንዱ አለ። ልዩነቱን የሚሸከሙት ጣቶች ናቸው፤ ጓንት ያደረጉ፣ የበረዱ፣ ምናልባትም ማንገቻው ያደነዘዛቸው ጣቶች። ከ6 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ነው። በአሜሪካ አደን ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ውስጥ ከማማ መውደቅ ዋናው ምክንያት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ብዙው የሚሆነውም ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከመቀመጫው ላይ ሲሸጋገሩ ነው።

ስለዚህ ቦርሳው መሬት ላይ ይቀራል። አዳኙ መታጠቂያውን መሬት ላይ ይለብሳል፣ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ከግንዱ ጋር ይታሰራል፣ የሚሰቅለውን ማማና ዘንግ ብቻ በየተራ ይዞ ይወጣል። ከላይ ሆኖ ከታሰረ በኋላ ቦርሳውን በቀጭን ገመድ ይስባል፤ ከዚያ ቀስቱን፣ ጠመንጃም ከሆነ ጥይቱ ወጥቶ አፈ ሙዙ ወደ ታች ሆኖ። ቦርሳው አናቱ ላይ ጠንካራ መያዣ ማንጠልጠያ ከሌለው ገመዱ ማንገቻው ላይ ይታሰርና ሲሳብ ይዞራል፣ ከግንዱ ጋር ይጋጫል፣ ይጮሃል። ዛፍ ላይ ሲሰቀልም በአንድ እጅ የሚከፈት፣ ሲከፈት ዕቃው ወደ ታች የማይዘረገፍ መሆን አለበት። ኢንተርኔት ላይ ባለ ፎቶግራፍ ይህን ማየት አይቻልም።

ሊገዙ ካሰቡ እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ማማዎንና ዘንጎችዎን፣ የሚለብሱትን መታጠቂያም ጨምረው፣ ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የለም። ማማው ከጀርባዎ ጋር እንዲጣበቅ አድርገው ያስሩ፣ ቀበቶውን የዳሌ አጥንት ላይ ያጥብቁ፣ 20 ደቂቃ ይራመዱበት፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ፣ ሁለት ጊዜ ይዝለሉ። የሚንኳኳ ነገር ከሰሙ አጋዘኑም ይሰማዋል። ወደ ፊት ካጎበጠዎት ሊትሩም ኪሱም አያድንዎትም፣ ይተዉት። ከኪስዎ የተረፈ ገንዘብ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለመታጠቂያውና ለመሳቢያው ገመድ ይሁን።